ጠዋት መጀመሪያ ሰላም በለው

ሐዋሳ፣ ነሐሴ መገባደጃ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በዚህ ዝናብና ብርድ ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት እየተቀባሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ «እሷ ትብስብኛለች» ብለሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? ላሟስ ወለደች? በጓዳ በኩል የሚያፈሰው ቆርቆሮ ተጠገነ? እነ እትዬ አስካለና የጸሎት ጓደኞችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? አንድ በአንድ ሳሚልኝ። «እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ተብሎ ነው ደብዳቤ የሚጀመረው፤ ጽሕፈቴ ያምራል ብለሽ ለአጎቴ ስታስጽፊኝ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ዛሬ ግን እንደዚያ ብዬ ካለፍኩ ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኛለሽ። በስልክ አልቻልኩም እማዬ። ድምፅሽን ስሰማ ደስ እንዲልሽ ብቻ ነው የምፈልገው፤ ከዚያ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል። ወረቀት ላይ መዋሸት ግን አልለመድኩም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለእትዬ አስካለ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢላት፤ ቢያንስ መጨረሻው ድረስ ራስሽ ሳታይው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስቀል ሳይገባ ሽማግሌ ይዘሽ ሐዋሳ ልትመጪ፣ የፌቨንን ቤተሰብ ልትጠይቂልኝ ተዘጋጅተሻል። መጋቢውን ለምነሻል፣ አጎቴንም ከሥራው አስፈቅደሻል። እማዬ፣ አትምጪ። ቢሮ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ትውላለች ያልኩሽ ልጅ የለችም። አጠገቤ የሚውለው ጨርሶ ሰው አይደለም።

ወረቀቱን አታስቀምጪው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ቢሯችን ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ያኔ ስትመጪ ደረጃው አስመርሮሽ «ልጄን ሰማይ ቤት ቀጠሩት» ብለሽ ሁሉንም አስቀሻል። ለሆቴሉም ለክሊኒኩም የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራለን። ለእንግዳው ክፍል የሚይዝለት፣ ሲወጣ ሒሳቡን የሚያወጣለት ማለት ነው። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ቋንቋ ኮድ ይባላል፤ ኮዱን የምንጽፈው ደግሞ ሁለት ሰዎች ነበርን፣ እኔና ፌቨን። አዎ፣ ፌቨን የምትባል ሰው ነበረች፤ የተቀጠረችው አንቺ መጥተሽ ከሄድሽ በኋላ ነው። ስሙን ከአየር ላይ አልያዝኩትም።

ከፋሲካ በኋላ ባለቤቱ አቶ ሽመልስ አንድ አዲስ ነገር ሰምተው መጡ። ኮድ በምንጽፍበት ቦታ ገብቶ አብሮን የሚጽፍ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለ፣ አስገቡልኝ አሉን። እንዴት እንደማስረዳሽ ሳስብ ቆይቼ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ትዝ አሉኝ። መሪው አንዲት ስንኝ ሲያወጣ ሌሎቹ ተቀብለው ይጨርሷት የለ? እኔ አንድ መስመር ስጀምር እሱ እንደዚያ የቀረውን ያወጣዋል። ጥያቄ ጽፈሽ ብትጠይቂውም ይመልሳል። አማርኛም ይችላል፤ አማርኛው የሬዲዮ ዜና ይመስላል እንጂ።

ማስገባቱ የደቂቃ ሥራ ነው ይባላል፤ የሐዋሳን መብራት የማያውቅ ነው እንደዚያ ያለው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ አቶ ሽመልስ ውጭ አገር ያሉትን ወንድማቸውን ለመኑ። ወንድማቸው ከፍለው መክፈቻውን በቴሌግራም ላኩት፤ መክፈቻ የሚሉት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም ነገር ነው። እኔ ስገለብጥ አንዲት ፊደል ዘልዬ ኖሮ ግማሽ ቀን ሙሉ አላውቃችሁም እያለ መለሰን። ፌቨን ናት ያገኘቻት። እሱን ስንጨርስ ኔትወርኩ ጠፋ፤ እሷ ከስልኳ ኢንተርኔት ለቀቀችልን፣ ስልኩንም ሞገዱ ይሻላል ብላ መስኮቱ ላይ በስኳር ዕቃ ደግፋ አቆመችው።

ከገባ በኋላ የቤቱን ሥርዓት ማስተማር አለ። አንድ ፋይል ውስጥ ስለ አሠራራችን የፈለግሽውን ትጽፊለታለሽ፣ እሱ ሁልጊዜ ሥራ ሳይጀምር ያነበዋል። ፌቨን ኪቦርዱን ከእኔ ወሰደችና ሙሽራ እንደምታለማምድ አማት ጀመረች። ዓመታችን አሥራ ሦስት ወር ነው፣ ጳጉሜን እንዳትውጣት። ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ከሰው ስም ቀጥሎ ያለው የአባት ስም ነው እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። ሳትጠይቅ ምንም ነገር አትንካ። እየሳቅን ነበር የምንጽፈው። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ጨመረች፦ «ጠዋት መጀመሪያ ሰላም በለው፤ ሥራ ከዚያ በኋላ።»

ይህቺ የቢሯችን ልማድ ነበረች፣ ያመጣቻትም ራሷ ፌቨን ናት። ማንም ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ወንበሩን ወደ ሌላው ያዞርና እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ ይባባላል። መልስም ይጠበቃል፣ ዝም ብሎ አይታለፍም። እኔ ቸኩዬ ሥራ ላይ ካፈጠጥኩ የወንበሬን መደገፊያ ይዛ ታዞረኝ ነበር። እናም ያቺን መስመር ስትጨምር ሳቅሁባት፤ ሰላም የምትይኝ አንቺ አለሽ አይደል፣ ማሽኑን ምን አገባው አልኳት። ይኑርልህ ግድ የለም ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ስልኳን ልታስተካክል። ያን ቀን ጠዋት አቶ ሽመልስ ብቻዋን ጠርተዋት በር ዘግተው ሲነጋገሩ ቆይተው ነበር። ምን ነበር ስላት የአንድ ደንበኛ ጉዳይ ነው አለችኝ።

ግንቦት ሲያልቅ አቶ ሽመልስ ሁለታችንንም ጠሩን። ሥራ ቀንሷል፣ ረዳቱ ደግሞ መጥቷል አሉ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው፣ ሁለት ማለት ግን ከእንግዲህ አንድ ሰውና እሱ ነው አሉ። ማን እንደሚቀር እርስ በርስ ተነጋገሩ ብለውን ወጡ። ሰው እንዲህ ይባላል? ለራሳቸው መወሰኑ ከብዷቸው ለእኛ ጣሉብን። ያኔ አንቺ ለጉልበትሽ ሆስፒታል የምትመላለሺበት ጊዜ ነበር። ፌቨን ይህን ታውቃለች፤ ስረሳ «ለእናትህ ደውል» የምትለኝ እሷ ነበረች።

በማግስቱ ዕጣ እንጣል ልላት ተዘጋጅቼ ገባሁ። እሷ ቀድማኝ ነበር። ወንበሬን አዞረች፣ እንዴት አደርክ አለችኝ፣ መልሴን ጠበቀች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ አለችኝ፤ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፣ ያን ቀን ሙሉ ቀናሁባት። እኔ እዚህ ተጥዬ ስቀር እሷ ወደ ትልቅ ከተማ ልትሄድ ነው ብዬ አኮረፍኩ። ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ እንኳ ደረጃው ድረስ ነው የሸኘኋት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ምን ብዬ ልንገርሽ። አቶ ሽመልስ ብዙም አይመጡም። ወንበሯ እዚያው ነው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን ስትጠርግ ታነሳዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ኮምፒውተሩን ስከፍት ረዳቱ እንደታዘዘው «እንደምን አደርክ?» ይለኛል። ደህና ስለው «በጣም ጥሩ» ይልና ወደ ሥራ ይገባል። አንድ ቀን ምንም ሳልመልስለት ቀጥታ ሥራ ጠየቅሁት፤ ምንም አላለም፣ ሠራው። የምለውን ሁሉ ልክ ነህ ይለኛል። ስህተቱን ሳሳየው ወዲያው ይቅርታ ይጠይቃል። ፌቨን ይቅርታ ለማለት ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር፣ መጀመሪያ በደንብ ትከራከረኝ ነበር። አሁን የሚከራከረኝ የለም፤ ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም።

አንድ ነገር ለመቀየር ሲፈልግ «ይህን ልቀይር?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከእንግዲህ አትጠይቀኝ የሚባልበት ቁልፍ አለው፣ ሥራውን ያፋጥናል። አቶ ሽመልስም ለምን አትጫነውም ይሉኛል። አልተጫንኩትም። ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ሥራው እጄ ላይ አልሄድ ሲለኝ፣ ብቻዬን ነኝ ብዬ ጻፍኩለት። ለማን እንደምጽፍ እያወቅሁ ነው። ማዘኑን ነገረኝና ምክር ደረደረልኝ፤ ውሃ ጠጣ፣ በእግርህ ተንሸራሸር፣ ለምትወደው ሰው ደውል። ብቻዬን ሳቅሁ። ቢሆንም ታዘዝኩት፣ ላንቺ ደወልኩ። ታስታውሺያለሽ? ምነው ድምፅህ አልሽኝ። ቢሮው ኦና ሆነ አላልክም ነበር፣ ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትውለው አልሽኝ።

አጠገቤ አንድ አለ አልኩሽ። ሰላም ይልሃል? አልሽ፤ በየጠዋቱ። ይቆጣሃል? በፍጹም። ስትሳሳትስ? ይታገሰኛል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር እማዬ። ለመሆኑ ወንድ ነው ሴት? ስትይኝ ነው እግሬ የተንሸራተተው። ድምፅሽ ውስጥ አንድ የተስፋ ነገር ሰማሁ፤ ሴት ናት አልኩ። ስሟስ? አልሽ። የመጣልኝ ስም አንድ ነው፣ ሌላ ስም አልፈለግሁም።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደ። በሚቀጥለው ስትደውዪ የማን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት አልሽኝ፤ መዘምራን ውስጥ ታገለግላለች አልኩሽ። ባለሙያ ናት ወይ ስትይኝ ሐይቁ ዳር ዓሣ ስንበላ አጥንቱን ለቅማ በእኔ በኩል ታስቀምጥልኛለች አልኩሽ። ጨዋ ልጅ ብለሽ መረቅሻት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ፤ ማሽን ጣት የለው፣ ዓሣ አይበላ። ከየት አምጥቼ እንደነገርኩሽ ግን አውቃለሁ፤ ያን ዓሣ የበላሁት ከፌቨን ጋር ነው። ቀጥሎ እትዬ አስካለ በስሟ እየጠራች እንደምትጸልይላት ነገርሽኝ። ከዚያ ቅቤና የቃሪያ ዳጣ ላክሁ አልሽ፣ ላንተም ለእሷም።

የላክሽውን ቅዳሜ ከሶዶ ከመጣው ሹፌር፣ ከሱልጣን፣ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። የእሷን ለይተሽ በሰማያዊው ሻሽሽ ቁራጭ አስረሽዋል። ሱልጣን እየሳቀ እንኳን ደስ አለህ አለኝ፤ ለእሱም ነግረሽዋል ማለት ነው። ሁለቱንም ዕቃ ታቅፌ ስመለስ መሃል ከተማ ዝናብ ያዘኝና ፎቶ ኮፒ የሚያነሱበትና ማመልከቻ የሚጽፉበት አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠጋሁ። ከውስጥ ኪቦርድ ሲመታ ይሰማል። አመታቱን አወቅሁት። ፌቨን አንዴ ጀመረች ማለት እስክትጨርስ አትቆምም፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ቁልፍ ጠንከር አድርጋ ትመታለች።

ገባሁ። አንድ ሽማግሌ አጠገቧ ተቀምጠው ስለ ቦታ ክርክር አቤቱታ ያስጽፏታል። ስታየኝ ደነገጠች፤ እኔም። አዲስ አበባስ አልኳት። አልሆነም አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ። መቼ ተመለስሽ አልኳት። እሷ መልስ እስክትሰጥ ሽማግሌው ቀደሟት፤ ይቺ ልጅማ ከሰኔ መግቢያ ጀምራ እዚሁ ናት፣ የእኔን ጉዳይ ሁሉ የጻፈችልኝ እሷ ናት፣ ተባረኪ አሉ። ፌቨን ወረቀታቸውን አውጥታ ሰጠቻቸው። ቢሮ የለቀቀችው ግንቦት ሲያልቅ እንደሆነ ነግሬሻለሁ።

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ይዘው ሲወጡ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ያ ነገር አሁንም ሰላም ይልሃል?» አለችኝ።

ይለኛል አልኳት።

«መልስህንስ ይጠብቃል?»

ቆሜ ጫማዬን አየሁ፣ ከሱሪዬ ላይ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እሷ ዕቃዎቹን አየቻቸው፤ ሻሹ ረጥቧል። ከእናትህ ነው አለችኝ። አዎ አልኳት። እግሯስ አለችኝ፣ እግርሽን ማለቷ ነው። ተሽሏታል አልኳት። ተመስገን አለችና ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። የአንደኛው ዕቃ ባለቤት ማን እንደሆነች ግን አልነገርኳትም። ሌላ ደንበኛ ገባ፣ እኔም ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ።

የእኔን ቅቤ ከፍቼዋለሁ፣ እጅሽ ይባረክ። የእሷን አልነካሁትም። ሻሹን አድርቄ መልሼ አሰርኩት።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ለመጋቢውና ለአጎቴ ልጄ ዋሽቶኛል ብለሽ ንገሪያቸው፤ እፍረቱ የእኔ ነው፣ ስመጣ ፊታቸው ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሽማግሌ የሚላክለት ነገር ገና የለም። እሷ ዘንድ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ይህን ያህል ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ ያላወቅሁትን አሁን አወቅሁ ብዬ እንዳልኮራ ፈራሁ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ምናልባት አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ይገባሽ ይሆናል። ሁልጊዜም እንደዚያ ነሽ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ በዚያ ሱቅ በኩል አልፋለሁ። ቅቤውን ይዤ። መጀመሪያ እንዴት አደርሽ እላታለሁ፣ መልሷንም እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ የምለውን ገና አላገኘሁትም። ረዳቱን እንዳልጠይቀው ለራሴ ምያለሁ።

ለእነ እትዬ አስካለ የፈለግሽውን ንገሪያቸው፣ ከወደድሽም ሁሉንም አንብቢላቸው። ጸሎቱን ግን እንዳያቆሙ። ስሙንም እንዳይቀይሩት፤ ከነገርኩሽ ሁሉ ስሙ ትክክል ነው።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን ሰው አያሳጣው። ላሟ በሰላም ትገላገል። በመስቀል እኔው እመጣለሁ፤ በሩ ላይ ስትቀበዪኝ እንደምን አደርክ በዪኝ፣ ቆሜ በደንብ እመልስልሻለሁ።

የሚናፍቅሽ፣
ልጅሽ